ከግብር አዳራሽ እስከ ሸክላ፤ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የሕይወት ጉዞ

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሌሎችም የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ሠርግ በሚደገስበት ወቅት፣ በያሆዴና በመሳላ በዓላት ሰሞን፣ ግጥሙን ራሱ ገጥሞ፣ ዜማውን ራሱ አውጥቶ የሚጫወት ድምጻዊ በየድንኳኑና በየአዳራሹ ይጋበዛል። ተመልካቹ ጥቂት ነው፤ ክፍያውም ብዙውን ጊዜ ከደጋሹ እጅና ከአድማጩ ሽልማት አያልፍም። በማግስቱ ድንኳኑ ሲፈርስ የተዘፈነው ዘፈን በሰሚዎች ልብ ውስጥ ካልቀረ በቀር ሌላ ማደሪያ የለውም። ይህ ዓይነቱ ኑሮ በዛሬ ዘመን የተፈጠረ ሳይሆን በመላ ኢትዮጵያ የዘፈን ሙያ ለዘመናት የተጓዘበት መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ካለፉት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባለሙያዎች መካከል ድምጻቸው ከመቶ ዓመት በላይ ተሻግሮ ለዛሬው ትውልድ የደረሰው ቀዳሚው ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ነጋድራስ ተሰማ በ1869 ዓ.ም ገደማ በሸዋ ምንጃር ተወለዱ። ምንጃር በጤፍ ምርቱ የታወቀ፣ ዛሬ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን የሚገኝ አገር ነው። በተወለዱበት ዘመን ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ዕድሜያቸው አሥር ዓመት ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ ዐሥራ ዘጠኝ ገደማ ሲሆን ደግሞ የአድዋ ጦርነት በድል ተጠናቀቀ። የልጅነትና የወጣትነት ጊዜያቸው እንግዲህ መንግሥት የሚሰፋበት፣ ዋና ከተማ የሚመሠረትበት፣ ከባሕር ማዶ አዳዲስ ሰዎችና አዳዲስ ዕቃዎች ወደ አገር የሚገቡበት ጊዜ ነበር። ተሰማም የዚህ ዘመን ልጅ ሆነው በቤተ መንግሥት አካባቢ ለመታወቅ በቁ።

ያስታወቃቸው ዋናው ነገር አንደበታቸው ነበር። በዚያን ዘመን የግጥምና የዜማ ችሎታ በአደባባይ የሚፈተነው በግብር አዳራሽ፣ በሠርግ፣ በማኅበርና በዘመቻ ሰፈር ነው። ገጣሚው አስቀድሞ ያዘጋጀውን ብቻ ይዞ አይቀርብም። የተጋባዡን ስም፣ የዕለቱን ወሬ፣ የሰውን ገድልና ነውር ወዲያው ወደ ስንኝ መለወጥ ይጠበቅበታል። ማሲንቆው በስንኝና በስንኝ መካከል ያለውን ጊዜ ይሞላል፤ አዝማሪው የሚቀጥለውን ቃል የሚያስበውም በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። አድማጩም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ግጥም እየነገረ ያስቀብላል፣ ያወድሳል፣ ይሸልማል፤ ካልጣመውም ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ አንዱ ምሽት ከሌላው አይመሳሰልም፤ ዘፈኑም በእያንዳንዱ ቤት እንደገና ይወለዳል።

ነጋድራስ ተሰማ ከፍ ያለ ስም ያገኙት በሰምና ወርቅ ቅኔያቸው ነው። በዚህ የአነጋገር ጥበብ ላይ ላዩን የሚሰማው ቃል ሰም ይባላል፤ በውስጡ የተሸሸገው እውነተኛ ትርጉም ወርቅ ነው። አንድ ቃል ጠብቆ ወይም ላልቶ ሲነበብ፣ ሁለት ቃል ሲጋጠም ወይም አንዱ ለሁለት ሲከፈል ወርቁ ይወጣል። ይህ ጥበብ ለመዝናኛ ብቻ የተፈጠረ አልነበረም። በኃያላን ፊት እውነትን መናገር አደገኛ በሆነበት ዘመን ሰሙ ለተናጋሪው ጋሻ ይሆነው ነበር። መኳንንቱ ቅኔው ሲነካቸው ቢያውቁ እንኳ በሕዝብ ፊት መቆጣት ራስን ማጋለጥ ስለሚሆን ስቀው ለማለፍ ይገደዱ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ለአዝማሪነት ይሰጥ የነበረው ማኅበራዊ ቦታ ዝቅተኛ ነበር። አዝማሪ በግብርም በጦርነትም የሚፈለግ፣ ነገር ግን ልጅን የማይድሩለት፣ ከማዕድ በኋላ የሚረሳ ሰው ተደርጎ ይታይ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ በሹመት የሚኖሩ፣ ከባለሥልጣናት ጋር የሚውሉ ሰው ሆነው ሳለ ማሲንቆ ማንሳታቸውና በሰው ፊት ማዜማቸው ስለዚህ ቀላል ነገር አልነበረም። በአንድ በኩል የመኳንንት ወዳጅ፣ በሌላ በኩል ሕዝብ እንደ አዝማሪ የሚቆጥራቸው ሰው ነበሩ። ለመተዳደሪያ ብለው ከማንም ደጅ የሚቆሙ ባለመሆናቸው ግን የፈለጉትን ለመግጠም ከሌሎች የተሻለ ነጻነት ነበራቸው።

የድምጽ መቅረጫ መሣሪያ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የታወቀው ተሰማ በወጣትነታቸው ሳሉ ነው። እ.ኤ.አ በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምጻቸውን በሰም በርሜል ቀርጸው ላኩ፤ መልእክቱ ከተደመጠ በኋላም በስምምነቱ መሠረት እንዲጠፋ ተደረገ። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በበኩላቸው ድምጻቸውን ቀርጸው መልስ ሰጡ። ሆኖም ይህ በነገሥታት መካከል የተደረገ የወዳጅነት ልውውጥ ነበር። የአገሪቱ ዘፈን በሸክላ ተቀርጾ ለገበያ የሚቀርብበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበር።

ያ ጊዜ የመጣው በመኪና ምክንያት ነው። ኢትዮጵያና ጀርመን እ.ኤ.አ በ1905 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲያደርስ፣ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝም ብዙ ሳይቆይ በጀርመን የተሠራ መኪና ይዞ ለአፄ ምኒልክ አቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱ ለአዳዲስ ሥልጣኔዎች የነበራቸው ጉጉት የታወቀ ነው። መኪና ካለ አሽከርካሪና ጠጋኝ ያስፈልገዋልና እ.ኤ.አ በ1908 ወደ ጀርመን አገር ሄደው ሙያውን እንዲማሩ ከተላኩት አንዱ ተሰማ እሸቴ ሆኑ። ጉዟቸውም ከሆልዝ ጋር ነበር።

በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ መሄድ ወራት የሚፈጅ ጉዳይ ነበር። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ እንጂ አዲስ አበባ አልደረሰም። መንገደኛው እስከ ድሬዳዋ በበቅሎ ተጉዞ፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያም በመርከብ ቀይ ባሕርንና የስዊዝን ቦይ አቋርጦ ይሄድ ነበር። በምንጃር የተወለዱት ባለቅኔ ይህን ሁሉ አልፈው በርሊን ሲገቡ የተላኩበት ዓላማ ሞተር መማር ነበር። በታሪክ ውስጥ ስማቸውን የተከለው ግን ይዘውት የሄዱት ድምጻቸው ሆነ።

እ.ኤ.አ ከ1908 እስከ 1910 ባሉት ዓመታት ተሰማ በበርሊን ከተማ ለሸክላ ዘፈን ተቀረጹ። ከአንድ ደርዘን በላይ ሸክላዎች የወጡ ሲሆን፣ እነዚህም ለገበያ የተዘጋጁ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ዘፈን ቅጂዎች እንደሆኑ የሙዚቃ ታሪክ አጥኚዎች ይስማማሉ። ይህም ማለት በአገሪቱ ውስጥ የሸክላ ማሳተሚያ ቀርቶ የሸክላ ማጫወቻ እንኳ ከጥቂት ቤቶች ውጪ ባልታወቀበት ጊዜ፣ በአማርኛ የተዜመ ዘፈን በአውሮፓ ዋና ከተማ ታትሞ ወጣ ማለት ነው።

የቀረጻው አሠራር ከዛሬው ፈጽሞ የተለየ ነበር። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ የዋለው ከዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በተሰማ ጊዜ ዘፋኙ አፉን ከትልቅ የቆርቆሮ ቀንድ ፊት አስጠግቶ በኃይል ማዜም ነበረበት። በቀንዱ የገባው የድምጽ ግፊት አንዲት መርፌ እያንቀጠቀጠ በሚሽከረከር ሰም ላይ ቦይ ያስቆፍር ነበር። ከሰሙ የብረት ቅርጽ ይወጣል፤ በብረቱም ሸክላው ይታተማል። የተሳሳተ ቃል ቢኖር ቆርጦ ማረም አይቻልም፤ ከመጀመሪያው መድገም ብቻ ነው። የሸክላው አንድ ገጽም የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር።

ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ለሚያድር ባለቅኔ ሦስት ደቂቃ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ አድማጭ አለመኖሩ ነው። በአዲስ አበባ አዳራሽ ስንኙን የሚቀበል፣ ወርቁን ፈትቶ የሚስቅ፣ ሽልማት የሚሰጥ ሰው ነበረ። በበርሊን ግን በክፍሉ ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች የአማርኛ ቃል አይሰሙም፤ ሰሙንም ወርቁንም አያውቁም። ተሰማ ያዜሙት እንግዲህ በዚያ ክፍል ላልነበረ፣ ገና ወደፊት ለሚመጣ አድማጭ ነበር። ቅጂው የአዳራሹን ሳቅና ጭብጨባ ሊይዝ አልቻለም፤ የድምጻቸውን ቃና፣ የአዘፋፈን ስልታቸውንና የዘመኑን አማርኛ ግን ይዞ አስቀርቷል።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያገኙት ቤተ መንግሥት ትተውት የሄዱት አልነበረም። አፄ ምኒልክ በጠና ታመው የመንግሥቱ ሥራ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። አልጋ ወራሽነቱ ለልጅ ልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ተሰጠ፤ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆኑ፤ እሳቸው በ1903 ዓ.ም ሲሞቱ ወጣቱ ልዑል በራሱ ይገዛ ጀመር። አዲስ ነገር የሚወደው፣ ዙረትና ጨዋታ የሚያዘወትረው ልጅ ኢያሱ፣ ሞተርም ቅኔም የሚያውቁትን ተሰማ እሸቴን አቀረባቸው። ከቅርብ ባለሟሎቹም አንዱ ሆኑ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎች መካከል የሚቆጠሩት ተሰማ የነጋድራስነት ማዕረግም አገኙ። ነጋድራስ በመጀመሪያ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ከጉምሩክና ከገበያ አስተዳደር ጋር የተያያዘ ከፍ ያለ ሹመት ነበር።

የዚያ ዘመን ሹመት ግን የማይተማመኑበት ነበር። ለዚህም የሆሳዕናን ከተማ ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ቅርብ ምሳሌ አለው። ቀድሞ ዋቻሞ ትባል የነበረችውን ከተማ በሆሳዕና በዓል ስም የሰየሟት የአካባቢው ገዥ ራስ አባተ ቧያለው፣ ከምኒልክ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ሞግዚቱ እንደሞቱ በተፈጠረው የሥልጣን ፉክክር ከልጅ ኢያሱ ወገን ጋር ተጋጭተው ለእስር ተዳረጉ። ትናንት ጠቅላይ ግዛት የሚያስተዳድር ሰው ዛሬ እስረኛ መሆኑ በዘመኑ የተለመደ ነበር። በልጅ ኢያሱ ጥላ ሥር የተጠለሉትም ተራቸውን መጠበቃቸው አልቀረም።

ተራው የደረሰው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ነው። በዚያ ቀን ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረደ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ከአንድ ወር በኋላ በሰገሌ የተደረገው ጦርነት የሥልጣኑን ጉዳይ ደመደመ። ነጋድራስ ተሰማ የወረደው ልዑል ወዳጅ ስለነበሩ ከቤተ መንግሥቱ ክብር ራቁ። በአንድ ቀን ተደማጭነታቸው ተቀነሰ፤ ትናንት ግጥማቸውን ሲያደንቅ የነበረ ሁሉ ዛሬ ከእሳቸው ጋር መታየትን የሚፈራበት ጊዜ መጣ። በግብር አዳራሽ ለኖረ ባለቅኔ አዳራሹ መዘጋቱ ከሹመት መሻር የማይተናነስ ቅጣት ነበር።

ሕይወት ግን በዚያ አላበቃችም። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ከተማ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ ስሙንም ይድነቃቸው አሉት። ይህ ልጅ አድጎ በኢትዮጵያና በአፍሪካ የእግር ኳስ ታሪክ ትልቅ ስም ያተረፉት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለመሆን በቅቷል። አቶ ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በተጫዋችነት ታውቀዋል፤ በ1954 ዓ.ም ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የአባታቸው ቅኔ ተሰብስቦ መጽሐፍ እንዲሆን ያደረጉትም እሳቸው ናቸው።

ነጋድራስ ተሰማ የኖሩበት ቀሪ ዘመን ረዥም ነበር። የአፄ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ መጫን፣ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራና የአምስቱን ዓመት መከራ፣ ከዚያም ነጻነት ሲመለስ አይተዋል። በሙያቸው ዙሪያ የተከሰተው ለውጥም ከዚህ ያነሰ አልነበረም። በ1927 ዓ.ም የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ ዘፈን ከግብር አዳራሽ ወጥቶ ወደ መድረክ፣ ከዚያም ወደ ሬዲዮ ገባ። የቤተ መንግሥትና የሠራዊት የሙዚቃ ጓዶች ተቋቋሙ፤ ባለማሲንቆው ከትራምፔትና ከሳክስፎን ጎን መሰለፍ ጀመረ። ለአንድ አዳራሽ ይገጥም የነበረው ባለቅኔ ዘመን እየጠበበ ሄደ።

በዚህ ሁሉ መካከል የነጋድራስ ተሰማ ቅኔዎች በቃል ይተላለፉ ነበር። በጠጅ ቤትና በየሸንጎው፣ በአስተማሪዎችና በጸሐፊዎች መካከል ስንኞቻቸው እየተነገሩ ወርቃቸው ይፈታ ነበር። በቃል የሚተላለፍ ነገር ግን አደጋ አለው። ተናጋሪው ቃል ይለውጣል፤ የሌላውን ግጥም ለታዋቂው ሰው ይሰጣል፤ የተገጠመበት ምክንያት ሲረሳም ወርቁ አብሮ ይጠፋል። ነጋድራስ ተሰማ በ1957 ዓ.ም በጥቅምት ወር ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው አረጋዊ ነበሩ። ዐምሃ እሸቴ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ በ1961 ዓ.ም የአዲስ አበባን ወጣት ድምጻውያን በሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ቀደምቱ የሸክላ ድምጻዊ በሕይወት አልነበሩም።

የበርሊኑ ሸክላ ግን አልጠፋም። ቀረጻው ከተደረገ መቶ ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት ውስጥ ሃያ ሰባተኛው ጥራዝ ሆኖ በሲዲ ታትሟል። በጭረትና በጉርምርምታ መካከል የሚሰማው ድምጽ ከአድዋ ትውልድ የአንድ ሰው ድምጽ ነው። ቀረጻው በአገር ውስጥ ታስቦበት የተደረገ አልነበረም፤ ባለድምጹ ለሌላ ጉዳይ በሄዱበት አጋጣሚ የተገኘ ነው። መኪና ለመማር ባይላኩ ኖሮ ከዚያ ዘመን ዜማ በጆሮ የሚደመጠው እጅግ ያንስ ነበር።

የሕይወት ታሪካቸው ለዛሬው የመንግሥት ሠራተኛና ኃላፊ የሚያቀርበው ጥያቄም ከዚሁ የሚነሣ ነው። በነጋድራስ ተሰማ ዘመን በደቡብም በሰሜንም፣ በሐዲይኛም በከምባትኛም የሚያዜሙ፣ ጀግናን የሚያወድሱ፣ ሙትን የሚያለቅሱ ባለሙያዎች ነበሩ። የእነርሱን ድምጽ የቀረጸ ቀንድ አልነበረም፤ ስማቸውም አብሮ ተቀብሯል። ልዩነቱ የችሎታ አልነበረም። አንዱ ወደ መቅረጫው የሚያደርስ አጋጣሚ አገኘ፤ ሌሎቹ አላገኙም።

ዛሬ አጋጣሚን መጠበቅ አያስፈልግም። ድምጽን ለመቅረጽ ወደ በርሊን መሄድ ቀርቶ ከወረዳ ከተማ መውጣትም አይጠይቅም። በሕግ በኩልም በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 እና በ2007 ዓ.ም የተደረገው ማሻሻያ ለግጥምና ለዜማ ደራሲ፣ እንዲሁም ለከዋኙ መብት እውቅና ሰጥተዋል። ነጋድራስ ተሰማ በዘፈኑበት ጊዜ እንዲህ ያለ ጥበቃ አልነበረም። ሆኖም ሕጉ ሥራ ላይ የሚውለው ደራሲው ማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደዘፈነ በአግባቡ ሲመዘገብ ነው። በየድንኳኑ የሚዘፍነው ግለሰብ ይህን መዝገብ ብቻውን ሊይዝ አይችልም። የባህል ጽሕፈት ቤቶች፣ በሆሳዕና የሚገኘውን የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማትና የመገናኛ ብዙኃን ሊጋሩት የሚገባ ሥራ ነው።

ምዝገባውም በድምጹ ብቻ መወሰን የለበትም። ከነጋድራስ ተሰማ ቅኔዎች መካከል ዛሬም በሙሉ ጣዕማቸው የሚነገሩት፣ ስለማንና በምን ምክንያት እንደተገጠሙ የሚታወቁት ናቸው። ታሪኩ የጠፋበት ስንኝ ሰሙ እንጂ ወርቁ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ዘፈን ሲቀረጽ የዘፋኙ ስም፣ ቋንቋው፣ ቦታው፣ ዕለቱና የተዘፈነበት ምክንያት አብሮ ሊጻፍ ይገባል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሹመትን አግኝተው አጥተዋል፤ የመንግሥታትን መውጣትና መውረድ አይተዋል። ያነዷቸው መኪኖች ዝገው ቀርተዋል፤ የተጫወቱባቸው አዳራሾችም አብዛኞቹ የሉም። ከሁሉም ተርፎ የቀረው በሰም ላይ የተቆፈረው ድምጽና ልጃቸው በወረቀት ላይ ያሰፈሩት ቅኔ ነው። ዛሬ ማታ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ በአንድ ድንኳን ውስጥ የራሱን ግጥም ለጥቂት ሰዎች የሚያዜመው ወጣት ሥራም ለነገ የሚደርሰው የሚቀርጸውና የሚጽፈው ሰው ካገኘ ነው።